ከግድግዳው ውጭ የተሰማ ፊልም

እናቴ ፊልም ቤት ገብታ አታውቅም። የሰማችው ፊልም ግን እኔ ካየሁት ይበልጣል።

አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሰው ለመጥራት ብሎ ከበሩ በላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ስለነበር ውስጥ የሚባለው ሁሉ መንገድ ላይ ይሰማል። እናቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ የገብስ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ውስጥ ያሉት ከፍለው ያያሉ፣ እሷ እየሸጠች ትሰማለች። እኔ ከኋላዋ ጋቢ ለብሼ ቁጭ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተኩሱ መሃል እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

ለምን አትገባም ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ። ያኔ ቪዲዮ ቤት የገባች ሴት ገና ሳትወጣ ወሬዋ ሰፈር ይደርሳል። እናቴ ላይ ደግሞ ቀድሞውንም የሚወራ ነገር ነበር፤ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ናት። ለሰፈሩ ሌላ ወሬ ማቀበል አልፈለገችም።

ፊልሞቹ የህንድ ነበሩ፣ የካራቴ ነበሩ፣ የአሜሪካ ተኩስ ነበሩ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ተመልካች ስለሌለ ማይክ ይዞ የሚተረጉም ሰው ተቀጥሮ ነበር። ይህ ሰው ብቻውን ባል ይሆናል፣ ሚስት ይሆናል፣ ሽፍታ ይሆናል፣ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። በአማርኛ ይጀምርና ነገሩ ሲጋጋል ሳይታወቀው ኦሮምኛ ውስጥ ይገባል። ሴት ሲሆን ድምፁን ለማቅጠን ይታገላል፣ አይሆንለትም። እናቴ በፊልም ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ ጉንፋን የማይለቃቸው ይመስላት ነበር።

እኔ ዛሬ የምኖረው ሠርግ በመቅረፅ ነው። አሰላ፣ በቆጂ፣ ዲክሲስ፣ ሙሽራ ባለበት ሁሉ ካሜራዬን ተሸክሜ እገኛለሁ። ሙሽሪት እናቷን ተሰናብታ ስታለቅስ "እስቲ አንዴ ወደዚህ ዞር በይ" የምል ጨካኝ ሴት ነኝ፤ በኋላ ቪዲዮውን ሲያዩ ግን ይመርቁኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሆኖም ሠርግ ብቻ ስቀርፅ ማርጀት አልፈለግሁም። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ሄጄ የፊልም ሥልጠና የወሰድኩት።

ሥልጠናው ላይ አንድ መምህር የሲኒማን ታሪክ አስተማረን። ጎበዝ ሰው ነበር። ካሜራው እንዴት እንደተፈለሰፈ፣ ፊልም ድምፅ አልባ የነበረበትን ዘመን፣ ድምፅ ሲመጣ ስንቱ ተዋናይ ከእንጀራው እንደተፈናቀለ ነገረን። በታሪኩ ውስጥ የሚቀርፅ ሰው አለ፣ የሚተውን ሰው አለ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አለ። እጄን አወጣሁና "ውጭ የተቀመጡትስ?" አልኩት።

"የትኛው ውጭ?" አለኝ።

"ከግድግዳው ውጭ።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሰው ሲስቅብኝ ደሜ የሚፈላ ነኝ። የዚያኑ ቀን የመመረቂያ ሥራዬ ምን እንደሚሆን ወሰንኩ፤ የሲኒማን ታሪክ ፊልም አይተው በማያውቁ ሰዎች አንደበት የሚናገር ዘጋቢ ፊልም። ከድሮ ፊልሞች አንድም ቁራጭ አላስገባም። ማያ ገጹን ግድግዳው ይሞላዋል፣ ከዚያ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ያንን ድምፅ የሚሰሙ ፊቶች ይታያሉ። መምህሩ ሲሰማ ራሱን አከከና "መቼም የሙከራ ፊልም የሚባለው ይኸው ነው" አለ። "ግን ተመልካቹ ምን ያያል?"

"እናቴ ያየችውን" አልኩት። ሳይገባው እሺ አለ።

አሰላ ስመለስ ሥራው እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። ካሜራ ይዞ አርሲ የመጣ ሁሉ ሯጭ ነው የሚፈልገው። እኔ ግድግዳ እየቀረፅኩ ቆሜ መንገደኛው "ሯጮቹ በዚህ አያልፉም እኮ፣ በቆጂ ሂጂ" ይለኛል። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። ስክሪኑ የነበረበት ቦታ የቢራ ገብስ ተቆልሎበታል፣ ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያው የተሰቀለባቸው ሚስማሮች ብቻ ቀርተዋል። የእህሉ ነጋዴ ደግ ሰው ስለሆነ "ገብሱን እስካልነካሽ ድረስ እንደፈለግሽ" ብሎ ፈቀደልኝ።

አባቴ የደወለው በዚያው ሰሞን ነው።

አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ አሰላ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እኔ ገና ዳዴ ስል ዝውውር ደረሰው። "ቤት ይዤ እወስዳችኋለሁ" ብሎ ሄደ። ቤት መያዙን ሰማን፤ ቆየት ብሎ ሌላ ሚስት መያዙንም ሰማን። አልፎ አልፎ በዓል ሲሆን ይደውላል። እኔ አንቱ ነው የምለው። አባትን አንተ ለማለት አብሮ መኖር ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ አልኖርንም። አልጠላውም ብል ውሸት ይሆናል። ድምፁን ስሰማ ግን ሆዴ ይባባል፣ እሱም እውነት ነው።

ያን ቀን ድምፁ ደክሟል። ጡረታ ወጥቷል፣ ሁለተኛ ሚስቱ አርፋለች፣ ብቻውን ነው። "እናትሽን ሳላያት መሞት አልፈልግም" አለኝ። "ቤት ብመጣ ታስገባኛለች?"

"ልጠይቃት" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

እናቴ ዛሬ ቆሎ ተሸክማ አትዞርም። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ በሶና በቅቤ የታሸ ጩኮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ገብሱን ራሷ ትመርጣለች፣ ቅቤውን ራሷ ትቀምሳለች፣ የጠነዛ ቅቤ ያመጣላትን ነጋዴ ደግሞ ሰፈሩ እስኪሰማ ታዋርዳለች። የአባቴን መልእክት ስነግራት ጩኮ እየጠቀጠቀች ነበር። እጇ ለአፍታ አላቆመም። "ሰማሁ" አለችኝ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ እሷ ስለሱ ትንፍሽ አላለችም። አባቴ እየደወለ "ምን አለች?" ይለኛል። "እያሰበችበት ነው" እለዋለሁ። እንደምታስብበትም አላውቅም ነበር።

ይህ ጉዳይ መሃላችን እንዳለ ነው ለፊልሙ የቀረፅኳት። ድሮ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ በርጩማ አስቀምጬላት የሰማሻቸውን ፊልሞች ንገሪኝ አልኳት። ከዚያ በፊት እንደዚህ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ማውራት ስትጀምር ግራ ገባኝ። አንዱን ፊልም ትጀምርና ሳትጨርስ ሌላው ውስጥ ትገባለች። የካራቴው ሰውዬ መምህሩን የገደለበትን ተበቅሎ ሲያበቃ አሜሪካ ሄዶ ፖሊስ ይሆናል፤ ከፖሊስነቱ ይባረርና ህንድ አገር ወንድሙን ሲፈልግ ይንከራተታል።

"እማ፣ እነዚህ እኮ የተለያዩ ፊልሞች ናቸው" አልኳት።

"አሁንማ አውቃለሁ" አለች ቆጣ ብላ። "የቱርኩን ድራማ በቴሌቪዥን የማየው ማን ሆኖ ነው? ያኔ ግን ድምፁ አንድ ሰው ነው። ባንድ ድምፅ የሚናገር ሰው አንድ ሰው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔ ሰውዬው መከራው የማያልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ እጸልይለት ነበር፣ እንዳትስቂ።"

ሳቅኩ። ካሜራው ተንቀጠቀጠ፤ ያ ቁራጭ ፊልሙ ውስጥ አለ። እሷም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ግን ቀናሁባት። እኔ ስንት ፊልም አይቻለሁ፣ ለአንድም ሰው ጸልዬ አላውቅም። እናቴ የሰፋችው ፊልም ከየአገሩ ቁራጭ የተቀጣጠለ፣ ጀግናው አንድ፣ ርዝመቱ የዓመታት ነው። መምህሬ ካስተማረኝ የሲኒማ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ፊልም አልነበረም።

"መጨረሻው ምን ሆነ?" አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ወደ ግድግዳው ዞር አለች።

"መጨረሻውን አልሰማሁትም" አለች። "አንድ ክረምት ነው። ሰውዬው ሚስት አለችው። ሥራ ፍለጋ ብሎ ትቷት ሄዶ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመለሰ። ዝናብ ይጥላል፣ ዝናቡ በድምፅ ማጉያውም ይሰማል፣ እኔም ላይ ይዘንባል። በሩ ላይ ደረሰ። ‘እኔ ነኝ’ አለ። አንኳኳ። ሴትዮዋ ልትመልስ ስትል መብራት ጠፋ። ጭጭ አለ። ሰዉ እየተሳደበ ወጣ። በማግስቱ ካሴቱ ወደ ተከራየበት ተመለሰ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬውን እንጃለት።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ሌንሱን አላየችም።

"ከፈተችለት ወይስ አልከፈተችለትም? እሱን ብቻ ንገሪኝ" አለች። "ስንት ዘመን በር ላይ ቆሞብኛል። አሁን ደግሞ እውነተኛው ሊመጣብኝ ነው። እኔ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ልጄ። ያቺ ሴት ምን እንዳለች ባውቅ ጥሩ ነበር።"

እናቴ ምንም አላውቅም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላችው። ካሜራውን አጠፋሁ። እሷ ግን ወዲያው ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። "መጨረሻውን ሳታመጪ ይኼን ካሜራሽን አታምጪብኝ" አለችኝ። "አባትሽንም እስከዚያ ቆይ በይው።"

የድሮውን የቪዲዮ ቤት ባለቤት ጠየቅሁ። ካሴቱንም ርዕሱንም አያስታውስም። ተርጓሚው ግን በሕይወት እንዳለና ጢቾ ገበያ ላይ እንደሚገኝ ነገረኝ። "ፈልጊው ማለት አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ይሰማሻል" አለኝ። በገበያ ቀን በዲክሲስ በኩል አድርጌ ሄድኩ። መኸር ነበር፣ ኮምባይነሮቹ መንገዱን ዘግተውታል፣ የስንዴው ማሳ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሟል። መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ የፊልሙን ርዕስ ይነግረኛል፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ መጨረሻውን ለእናቴ አሳያታለሁ፣ አለቀ።

እውነትም ቀድሞ የሰማሁት ድምፁን ነው። ጢቾ ገበያ መሃል፣ ፀጉሩ የሸበተ ረጅም ሰውዬ ሜጋፎን ይዞ ሰልባጅ ይሸጣል። ኮት ያነሳና ኮቱን ያናግራል። "ከየት መጣህ?" ይለዋል። ከዚያ ድምፁን አጎርንኖ ኮቱ ሆኖ ይመልሳል፤ "ከጀርመን አገር! ጌታዬ ወፍሮ ከዳኝ!" ገበያተኛው ይስቃል፣ ኮቱ ይሸጣል። የሴት ሹራብ ሲያነሳ ድምፁን ሊያቀጥን ታገለ፤ ያው ጉንፋን ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ድምፅ ስንት ጊዜ አስተኝቶኛል።

ከአሰላ እንደመጣሁ፣ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ፊልም እንደምሠራ ነገርኩት። ደረቱን ነፋ። ትሑት ሰው አይደለም። "ዘገየሽ" አለኝ፤ "እኔ እኮ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የሸበትኩት።" ሻይ ቤት ገባን። ስለ በሩና ስለ ዝናቡ ስነግረው ወዲያው አስታወሰ።

"እንዴታ! ያ ቀን መብራት ኃይልን የረገምኩት እርግማን እስከ ዛሬ ይሠራል" አለ።

"የፊልሙ ርዕስ ምንድነው?"

"ርዕሱን ማን ያውቃል? በህንድኛ ነው የተጻፈው።"

"ታዲያ እርስዎ ህንድኛ..."

"እኔ?" አለ፤ ከት ብሎ ሳቀ። "ኧረ እኔ አንድም ቃል አላውቅም! ቻይንኛም አላውቅም። እንግሊዝኛም ቢሆን ‘ካም ኦን’ ነው የማውቀው። ፊታቸውን አያለኋ! ሲቆጣ እቆጣለሁ፣ ሲያለቅስ ምክንያት እፈልግለታለሁ።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። "ስለዚህ ሰውዬው ተመላሽ ባል አልነበረም?"

"ሚቲ!" አለ በኦሮምኛ፣ እጁን እያወናጨፈ። "አይደለም! እንደሚመስለኝ ሌባ ነው። ዓይኑ የሌባ ዓይን ነው። ባል ያደረግሁት እኔ ነኝ። አዳራሹን አይተሽው ቢሆን! ሹፌር ነው፣ ወታደር ነው፣ ከየአገሩ ተመድቦ የመጣ አስተማሪና ጸሐፊ ነው። ቤቱን ትቶ ያልመጣ የለም። በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ ተመላሽ ባል ስታደርጊው ያ ሁሉ ወንድ ሲጋራውን ያጠፋል። ጸጥ ይላል። እኔ ደግሞ ጸጥታ እወዳለሁ።"

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ሌባ ፍለጋ ሆነ። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመችው ሰው በአንድ ሰልባጅ ነጋዴ ጉሮሮ ውስጥ ካልሆነ የትም የለም። ሆኖም ንዴቴ ብዙ አልቆየም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንድ ነገር ገባኝ። የሌላው ዓለም ፊልም መጋዘን ይቀመጣል፣ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይታያል። የኛው ግን አንዴ ተነግሮ ያልቃል፤ ኮፒው ያለው የሰማው ሰው ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ፊልም ሊጨርሱ የሚችሉ ሰዎች ዓለም ላይ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም አርሲ ነው ያሉት።

"መጨረሻውን ያውቁታል?" አልኩት።

"ማይክ ስይዝ አውቀዋለሁ" አለኝ።

ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ዘዴ ፈልጌ፣ ቃል መርጬ ነገርኳት። እሷ ግን ጩኮውን በላስቲክ እየቋጠረች "ታዲያ ሰው ነው የሚሠራው እንጂ ከሰማይ የሚወርድ መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። "የጀመረው እሱ ከሆነ እሱ ይጨርሰው። አምጪው።"

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ከራሱ ሰልባጅ ውስጥ ከሁሉ የሚሻለውን ኮት መርጦ ለብሷል። ለእናቴ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሲያቀርብ እሷ ዓይኗን አጥብባ አየችውና ወደኔ ዞረች።

"ይኼ ዲዳው አይደለም እንዴ?"

ለካ ሰውዬው በየቀኑ ከእሷ ቆሎ ይገዛ ነበር። ከሥራ በፊት ጉሮሮውን ለመቆጠብ ብሎ አይናገርም፤ በጣቱ ጠቁሞ፣ ወስዶ፣ ራሱን ነቅንቆ በጓሮ በር ይገባል። እናቴ መናገር የማይችል ምስኪን ይመስላት ነበር። የፊልሙ ድምፅ ከማሽኑ እንደሚወጣ፣ እሱ ደግሞ ጠራጊ እንደሆነ ነው የምታውቀው።

"አዝኜልህ ምርቃት እጨምርልህ ነበር እኮ!" አለችው።

"አውቃለሁ፣ እናቴ" አለ፤ "ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።" እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

የመጋዘኑ ነጋዴ ከረጢቶቹን ገፋ አድርጎ ለአንድ ሰው መቆሚያ ቦታ ሰጠን። ከሠርግ ባለ ድንኳን የተዋስኩትን ድምፅ ማጉያ ከበሩ በላይ፣ በድሮዎቹ ሚስማሮች ላይ ሰቀልኩ። ስክሪን የለም፣ ፊልም የለም። ተርጓሚው ውስጥ ገብስ መሃል ማይኩን ይዞ ቆመ፤ እናቴ ውጭ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ካሜራዬን እሷና ግድግዳው ላይ ተከልኩ። ባጃጅ ነጂዎች ምን ተገኘ ብለው ቆሙ፣ ከመናኸሪያ የሚመለሱ ሰዎች ጨመሩ። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ጀመረ። አሁንም እንደ ድሮው በአማርኛ። ሰውዬው ከአውቶቡስ ወረደ፣ ጭቃው ጫማውን ያዘው፣ ሰፈሩ ተለውጦበት መንገዱ ጠፋው። ተርጓሚው በአፉ ዝናብ ያዘንባል፣ ውሻ ይጮሃል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሞተራቸውን አጠፉ። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ሰውዬው በሩ ላይ ደረሰ። ሦስቴ የእንጨት ድምፅ ተሰማ። "እኔ ነኝ" አለ ድምፁ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ጉንፋን የያዛት ሴትዮ ሆነ። "የኔ ጌታ! ይኸው ስጠብቅህ..."

"ቆይ!" አለች እናቴ።

ሰው ሁሉ ዞረ። በሌንሱ ውስጥ ስትነሳ አየኋት፤ ከዚያ ሌንሱ ውስጥ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ልከተላት ፈለግሁ፣ ግን ካሜራውን አላንቀሳቀስኩም። እናቴ በበሩ ገባች። ያን ሁሉ ዘመን ስትገባ ሳላያት የገባችው ፊልም የሌለ ቀን ነው። ቀጥሎ የሆነውን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እኔም ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት።

"አንተ ሰውዬ" አለች፤ ማይኩ ድምፅዋን እስከ መናኸሪያው ወሰደው። "እሷ ውስጥ እንዳለች በምን አወቅህ?"

"ምን ማለት ነው፣ እናቴ?" አለ ተርጓሚው፣ በራሱ ድምፅ።

"በሩ ከውጭ ነው የተቆለፈው። ቁልፉን አላየውም እንዴ? ሴትዮዋ ልጅ አላት፣ ልጅ ታሳድጋለች። ያን ሁሉ ዘመን በር ሥር ተቀምጣ ስታዳምጥ ትኖራለች? በምን በልታ?"

ውጭ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጸጥ አለ፤ ተርጓሚው የሚወደው ዓይነት ጸጥታ። ተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እሺ፤ እንግዲያው ጎረቤት ትውጣ። ጎረቤት ትወጣለች። ምን ትበለው?"

 የእናቴ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

"ሥራ ላይ ናት ትበለው" አለች። "የሚፈልጋት ከሆነ ወዳለችበት ይሂድ።"

ተርጓሚው ደገመው፣ በአማርኛ። ከዚያ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ "ሆጂ ኢራ ጅርቲ" አለ። ድምፁን ሊያቀጥን አልሞከረም። አንዲት ድንች የተሸከመች ሴት ከኋላዬ "እሰይ!" አለች፣ ከዚያ ሰው አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። ካሜራው ግድግዳውን እየቀረፀ ነው፣ እኔ በእጄ ጀርባ ፊቴን እጠርጋለሁ።

እናቴ ስትወጣ ነጠላዋ ላይ የገብስ ገለባ ነበር። ወደኔ መጥታ "ሰማሽ?" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"ለአባትሽም እንደዚያው በይው" አለች፤ ቅቤ የሚያመጣላት ሰው ይጠብቃት ስለነበር ወዲያው ሄደች።

ያን ዕለት እዚያው ግድግዳ ሥር፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩለት። ከመጀመሪያው ጥሪ ጋር ነው ያነሳው፤ ስልኩን እጁ ላይ ይዞት ነበር መሰለኝ።

"ምን አለች? ቤት ልምጣ?" አለኝ።

"ቤት የለችም" አልኩት። "ሥራ ላይ ናት። ሊያዩዋት ከፈለጉ ወዳለችበት ይምጡ ብላለች።"

ይናደዳል፣ ይከፋል ብዬ ለክፉም ለደጉም ራሴን አዘጋጀሁ።

"ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትሠራው?" አለኝ። በሕይወቴ ስለ እናቴ ይህን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። በሶና ጩኮ እንደምታዘጋጅ፣ ሰው ከሩቅ ድረስ እንደሚፈልግላት፣ ቅቤ ላይ ቀልድ እንደማታውቅ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ከመናኸሪያው በእግር ይደረሳል?" አለኝ።

"ይደረሳል" አልኩት።